ጃፓንን በቀርፋፋ ባቡር፦ ከሀገሬው ሰው ጋር እየተጫወቱ ለመዞር ዝርዝር መመሪያ

ጃፓን ልሄድ ነው የሚል ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ሺንካንሰን ስለሚባለው ፈጣን ባቡር ነው። እውነት ነው አሪፍ ነው፣ አንዴ መሳፈር አለባችሁ፣ ስለሱም ከታች እነግራችኋለሁ። ግን እኔ ለማስተርስ ሁለት አመት እዛ ስኖር ሻይ የጋበዘኝ፣ ቤቱ ያስገባኝ፣ እስካሁን ደህና ነህ ወይ ብሎ የሚጽፍልኝ ሰው ሁሉ የተገኘው በፈጣኑ ባቡር ላይ አይደለም፣ በየመንደሩ እየቆመ በሚሄደው ባለ አንድ ወይ ባለ ሁለት ፉርጎ ባቡር ላይ ነው። መጀመሪያ ላይ አማራጭ አጥቼ ነው የተሳፈርኩበት። ጄአር የሚባሉት ዋናዎቹ የባቡር ኩባንያዎች የሚሸጡት ጄአር ፓስ የሚባለው የቱሪስት ትኬት ለአጭር ጊዜ ጎብኚ ብቻ ስለሆነ የተማሪ ቪዛ ያለው አይፈቀድለትም፣ ሺንካንሰን ደግሞ ለተማሪ ኪስ ይከብዳል፣ ስለዚህ ትምህርት ሲዘጋ ርካሹን ትኬት ገዝቼ ቀኑን ሙሉ በመደበኛው ባቡር ስዞር ነው ሀገሩን ያወቅኩት። አሁን ገንዘብ ኖሮኝ ብሄድም እንደዛው ነው የማደርገው። ሩቁን መንገድ በፈጣኑ ቁረጡት፣ ሰው የምታገኙበትን ቀን ግን ለቀርፋፋው ስጡት፣ እቅዳችሁ ከዚህ ይጀምር።

1. ከቤት ሳትወጡ

በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትሄዱ ቪዛ ያስፈልጋችኋል። የአሜሪካ፣ የእስራኤል ወይም የብዙዎቹ የአውሮፓ ሀገሮች ፓስፖርት ያላችሁ ለጉብኝት እስከ 90 ቀን ያለ ቪዛ ትገባላችሁ። ስትገቡ ፓስፖርታችሁ ላይ የአጭር ጊዜ ጎብኚ የሚለው ምልክት መለጠፉን ቆም ብላችሁ እዩ፣ ጄአር ፓስ የምትወስዱ ከሆነ እሱ ከሌለ ትኬቱን አይሰጧችሁም።

ጊዜ ስትመርጡ ሶስት ወቅት ሽሹ፦ ከኤፕሪል መጨረሻ እስከ ሜይ መጀመሪያ ያለውን ጎልደን ዊክ የሚባለውን የበአል ሰሞን፣ በኦገስት አጋማሽ ሰው ሁሉ ወደ ትውልድ መንደሩ የሚሄድበትን ኦቦን፣ እና የፈረንጅ አዲስ አመትን። ባቡሩ ይሞላል፣ ማረፊያ ይወደዳል፣ ሰውም ከቤተሰቡ ጋር ስለሚጣደፍ ለጨዋታ ጊዜ የለውም። እኔ ብትጠይቁኝ ከኦክቶበር መጨረሻ እስከ ኖቬምበር ያለውን እመርጣለሁ፣ ቅጠሉ ቀልቶ ተራራው እሳት የተለቀቀበት ነው የሚመስለው።

ሻንጣችሁ ውስጥ ቡና ይኑር። ተቆልቶ የተፈጨ፣ በትንንሽ ከረጢት የተከፋፈለ፣ አንዱ ለሁለት ለሶስት ስኒ የሚበቃ ቢሆን ይበቃል። ጃፓኖች ቡናችንን ሞካ በሚል ስም ለረጅም ጊዜ ያውቁታል፣ ኪሳተን በሚባሉት ያረጁ ቡና ቤቶች ሜኑ ላይ ሞካ የሚለውን ታገኙታላችሁ፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚለውንም በስሙ የሚሸጡ አሉ። ደረቅ ስጦታ ከሱቅ ገዝቶ ከመስጠት ይሄ ከቤቴ ያመጣሁት ነው ብሎ መስጠት እዛ ሀገር ትልቅ ነገር ነው፣ ሰው መንገድ ሲሄድ ለጎረቤትና ለመስሪያ ቤት ባልደረባ ይዞ የሚመለሰው ኦሚያጌ የሚሉት የራሱ ባህል አላቸው። ቋንጣ ግን በፍጹም እንዳትይዙ፣ ስጋ ነክ ነገር ማስገባት ክልክል ነው፣ ኤርፖርት ላይ ውሻ ያሸታል፣ ቅጣትም ያመጣል።

2. ትኬቱን አስሉት

እዚህ ጋ ብዙ ሰው ገንዘቡን ያባክናል። ጄአር ፓስ ከኦክቶበር 2023 ጀምሮ በጣም ነው የጨመረው፣ ያኔ የ7 ቀኑ 50,000 የን፣ የ14 ቀኑ 80,000፣ የ21 ቀኑ 100,000 የን ገባ፣ ስትገዙ የእለቱን ዋጋ ደግማችሁ እዩ። ከቶኪዮ ኪዮቶ በሺንካንሰን አንድ ጉዞ ወደ 14,000 የን ነው፣ ደርሶ መልስ 28,000 አካባቢ። ማለት ቶኪዮ፣ ኪዮቶ፣ ኦሳካ ብላችሁ ለምትመለሱት ፓሱ አያዋጣም፣ በየጉዞው መግዛት ይረክሳል። ፓሱ የሚያዋጣው በአንድ ሳምንት ውስጥ ከሰሜን እስከ ደቡብ ለሚሮጥ ነው፣ እንደዛ የሚሮጥ ሰው ደግሞ ከማን ጋር ሊጫወት ነው። በአንድ አካባቢ ብቻ የሚሰሩ የክልል ፓሶችም አሉ፣ ለካንሳይ፣ ለኪዩሹ፣ ለቶሆኩ ለየብቻ፣ አንድ ክልል መርጣችሁ እሱን በደንብ ማየት ከፈለጋችሁ እነሱን ተመልከቱ።

የኔ ትኬት ሴይሹን 18 የሚባለው ነበር። ስሙ የ18 አመት ወጣትነት እንደማለት ነው ግን እድሜ አይጠይቅም፣ ሽማግሌም ይገዛዋል፣ ጎብኚም ነዋሪም ይችላል። ከ1982 ጀምሮ ያለ ነው። በጸደይ፣ በሙቀቱ ወቅትና በበረዶው ወቅት፣ ትምህርት በሚዘጋበት ሰሞን ብቻ ይሸጣል፣ በጄአር መደበኛና ራፒድ ባቡሮች ላይ ቀኑን ሙሉ እንደፈለጋችሁ ትወጣላችሁ ትወርዳላችሁ፣ ሺንካንሰንና ኤክስፕረስ ላይ ግን አይሰራም። ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ ደንቡ ተቀይሮ ተከታታይ 3 ቀን በ10,000 የን፣ ተከታታይ 5 ቀን ደግሞ በ12,050 የን ሆኗል። የ5 ቀኑ ለቀን 2,410 የን መጣ ማለት ነው። በሱ ከቶኪዮ ኪዮቶ በአንድ ቀን ይደረሳል፣ አታሚ ላይ፣ ቶዮሃሺ ላይ፣ ኦጋኪ ላይ፣ ማይባራ ላይ እየቀየራችሁ 9 ሰአት ገደማ ይፈጃል፣ በሺንካንሰን ከ2 ሰአት ትንሽ ከፍ የሚለው መንገድ ማለት ነው። ሁሌ አድርጉት አልልም፣ ግን አንዴ ስታደርጉት ተማሪው ሲወጣ፣ ገበሬው ሲገባ፣ የሰዉ አነጋገር ከጣቢያ ጣቢያ ሲቀየር ትሰማላችሁ።

3. ካርድ እና ሳንቲም

ከተማ ውስጥ ለሜትሮና ለአውቶቡስ ሱይካ ወይም ፓስሞ የሚባለውን ካርድ አውጡ፣ ብር ትሞሉበታላችሁ፣ በር ላይ ታስነኩታላችሁ፣ ሱቅም ይቀበለዋል። ለጎብኚ የሚሰጠው ዌልካም ሱይካ 28 ቀን ይሰራል፣ አይፎን ያለው ስልኩ ላይም መጫን ይችላል።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ካርዱ ከክልል ክልል አይሻገርም። ቶኪዮ ዙሪያ አስነክታችሁ ገብታችሁ ኦሳካ በኩል አስነክታችሁ መውጣት አትችሉም፣ ገጠር ደግሞ ማሽኑ የሌለው ጣቢያ ብዙ ነው። እኔ ላይ ደርሷል፣ በካርድ ገብቼ ተራራ ውስጥ ሰራተኛ የሌለው ጣቢያ ላይ ወረድኩ፣ ካርዱ ገና ጉዞ ላይ ነኝ ብሎ ስለተቆለፈ በማግስቱ ሌላ ጣቢያ ስጠቀምበት እምቢ አለኝ። ሰራተኛው ሳይቆጣ ወረቀት ጽፎ፣ ሂሳቡን በጥሬ ገንዘብ ተቀብሎ፣ ካርዱን ፈታልኝ። ስለዚህ ከከተማ ስትወጡ የወረቀት ትኬት ቁረጡ፣ ኪሳችሁ ውስጥ ደግሞ የ100 እና የ10 የን ሳንቲም ይኑር፣ የገጠሩ ባቡር ትልቅ ኖት አይዘረዝርላችሁም።

4. ሺንካንሰን፣ ባጭሩ

ከቶኪዮ ወደ ኪዮቶ በሚሄደው መስመር ሶስት አይነት አለ፣ ኖዞሚ ፈጣኑ፣ ሂካሪ መካከለኛው፣ ኮዳማ በሁሉም ጣቢያ የሚቆመው። ጄአር ፓስ ያላችሁ በሂካሪና በኮዳማ ነው የምትሄዱት፣ ኖዞሚ ላይ ተጨማሪ ይከፈላል። ፉጂ ተራራን ለማየት ከቶኪዮ ስትነሱ ኢ የሚለውን ወንበር ጠይቁ፣ በቀኝ በኩል መስኮት ነው፣ ከተነሳችሁ ከ40 እስከ 45 ደቂቃ አካባቢ አይናችሁን ከመስኮቱ አትንቀሉ። ርዝመቱ፣ ስፋቱና ቁመቱ ሲደመር ከ160 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ ሻንጣ ካላችሁ ቦታ አስቀድማችሁ ማስያዝ ግዴታ ነው። እኔ ግን ሻንጣውን ባትይዙት ይሻላል እላለሁ፣ ታክዩቢን የሚሉት የእቃ ማድረስ አገልግሎት አለ፣ ከሆቴል ወይም ከሰፈር ሱቅ ትሰጡታላችሁ፣ ብዙ ጊዜ በማግስቱ የሚቀጥለው ሆቴላችሁ ጠብቆ ያገኛችኋል፣ እናንተ በአንድ የጀርባ ቦርሳ ገጠር ትገባላችሁ።

ሺንካንሰን ውስጥ ወሬ አትጠብቁ። ሰው ይተኛል፣ ይሰራል፣ ምሳውን ይበላል። ቶኪዮ ሜትሮ ላይ ጠዋት ደግሞ ጭራሽ አትሞክሩት፣ ዝም ማለት እዛ ጋ ለሌላው ሰው ማሰብ ነው እንጂ ኩርፊያ አይደለም። ስልክም በየትኛውም ባቡር ውስጥ አይወራም፣ ድምጹን አጥፉት፣ ከተደወለላችሁ በሁለቱ ፉርጎ መሀል ወዳለው ቦታ ውጡ።

5. ዋንማን ባቡር አገባብ

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን። ገጠር ውስጥ ያለው ባቡር ብዙ ጊዜ ዋንማን ይባላል፣ ሹፌሩ ብቻውን ነው፣ ትኬት ቆራጭ የለም። ሲቆም በሩ በራሱ ላይከፈት ይችላል፣ አጠገቡ ቁልፍ አለ ተጫኑት፣ ክረምት ከሆነ ከገባችሁ በኋላ ከውስጥ ተጫኑና ዝጉት፣ ብርዱ ሰው ላይ እንዳይገባ። ባለ ሁለት ፉርጎ ከሆነ የሚከፈተው በር የቱ እንደሆነ ሀገሬው የቆመበትን አይታችሁ ቁሙ። እንደገባችሁ ከበሩ አጠገብ ካለች ሳጥን ቁጥር ያለባት ትንሽ ወረቀት ትወጣለች፣ ያዟት፣ የተሳፈራችሁበትን ጣቢያ የምትናገረው እሷ ናት። ፊት ለፊት ከሹፌሩ በላይ ሰሌዳ አለ፣ በየጣቢያው ዋጋው ይቀያየራል፣ ከወረቀታችሁ ቁጥር ስር ያለው ነው የናንተ ሂሳብ። መውረጃችሁ ሲደርስ በፊት በር ሂዱ፣ ወረቀቷንና ሳንቲሙን ሹፌሩ አጠገብ ያለው ሳጥን ውስጥ ጨምሩ፣ ሳንቲም መዘርዘሪያው እዛው ሳጥኑ ላይ ነው፣ ባቡሩ ቆሞ ሳለ ቀድማችሁ ዘርዝሩ። ፓስ ወይም የቀን ትኬት ካላችሁ ማሳየት ብቻ ነው።

ከቻላችሁ ከሹፌሩ ጀርባ ካለው መስታወት ጋ ቁሙ። ነጭ ጓንት አድርጓል፣ ፊቱ ያለው ሰሌዳ ላይ ለኪስ ሰአት ልክ የተሰራች ጎድጓዳ ቦታ አለች፣ ሰአቱን እዛ ይሰካዋል። ምልክቱ ሲቀየር ብቻውን ሆኖ በጣቱ እየጠቆመ ጮክ ብሎ ይናገራል፣ ሹፓትሱ ሺንኮ፣ መንገዱ ክፍት ነው ተነሳ እንደማለት ነው። ማንም አይሰማውም፣ ማንም አያየውም፣ ግን ያደርገዋል፣ አይን ያየውን እጅና አፍ ካረጋገጡት ስህተት ይቀንሳል ብለው ነው። የተጨናነቀ መንገድ ላይ ላደገ ሰው ይሄን ማየት ልብ ያሳርፋል። አጠገባችሁ ደግሞ ሁሌ አንድ ባቡር የሚወድ ልጅ ወይ ጡረተኛ አይጠፋም፣ ወሬው ከሱ ነው የሚጀምረው።

6. የትኛው መስመር?

የምወደው ታዳሚ የሚባለውን መስመር ነው፣ ፉኩሺማ ውስጥ ካለችው አይዙ ዋካማትሱ እስከ ኮይዴ፣ 135 ኪሎ ሜትር። ዳር እስከ ዳር የሚሄደው ባቡር በቀን ጥቂት ስለሆነ ጎግል ማፕ ላይ ሰአቱን ከዋዜማው እዩ፣ አንዱ ካመለጣችሁ ግማሽ ቀን ነው የምትቀመጡት። በጁላይ 2011 ጎርፍ ድልድዮቹን ወሰዳቸውና መሀሉ ተቆርጦ ቀረ፣ በአውቶቡስ ሲተካ ከርሞ የተከፈተው ኦክቶበር 1 ቀን 2022 ነው። ብዙ ሰው ይዘጋል ብሎ ነበር፣ የአካባቢው ሰው ግን አልለቀቀውም፣ አሁንም ባቡሩ ሲያልፍ ገበሬው ከማሳው፣ ልጁ ከደጁ እጁን ያውለበልባል። እናንተም አውለብልቡ።

እኔ እዛ መስመር ላይ ነው ከአንዲት ኦባሳን ጋር የተዋወቅኩት፣ አያት ማለት ነው፣ በትክክል ኦባአሳን ነው ትንሽ ይረዝማል፣ ካሳጠራችሁት አክስት ይሆናል። ከአንዲት መጠለያ ብቻ ካላት ጣቢያ ገቡ፣ በጨርቅ የተቋጠረ እቃ ይዘዋል፣ ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። ባቡሩ ወዴት እንደሚሄድ አውቃለሁ፣ ግን ጠየቅኳቸው፣ መለሱልኝ፣ ዝም አልን። ከሁለት ጣቢያ በኋላ መሀረባቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉ፣ ቋጠሮውን ፈቱ፣ የፕላስቲክ እቃ አወጡ፣ ውስጡ ተልጦ የተቆራረጠ ካኪ አለ፣ ያ ቲማቲም የሚመስለው ብርቱካንማ ፍሬ፣ ቁራጩ ላይ ሁሉ አንድ አንድ ስቴክኒ ተሰክቶበታል። እቃውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደኔ ዘረጉት። እኔም ልክ ቤታችን እንደምናደርገው ቀኝ እጄን በግራ ደግፌ ጎንበስ ብዬ ተቀበልኩ፣ እሳቸው ያችን ነገር አይተው ፊታቸው በራ። ቡናውን ስሰጣቸው ከረጢቱን አፍንጫቸው ጋ አስጠግተው አይናቸውን ጨፈኑና ቆዩ። ከዛ ወንዙን ስንሻገር መስታወቱን በጣታቸው ነካ ነካ አድርገው ይሄን ድልድይ ውሃ ወስዶት ነበር አሉኝ፣ ግማሹን በቃል ግማሹን በእጅ፣ ለ11 አመት ሀኪም ቤት የሚሄዱት በአውቶቡስ ነበር። የአይዙ አነጋገር ስለሆነ ሁሉንም አልያዝኩትም ግን ገባኝ።

ሌላ ጎኖ መስመር አለ፣ ከአኪታ ወደ አኦሞሪ የባሕር ዳሩን ይዞ የሚሄድ። ሪዞርት ሺራካሚ የሚባለው ባቡር መቀመጫ ማስያዝ ይፈልጋል፣ ከጉዞው በከፊል ፉርጎው ውስጥ የአካባቢው ሰው ሻሚሰን ይጫወታል፣ ክራር ለሚወድ ጆሮ ያ ድምጽ እንግዳ አይደለም።

ክረምት ላይ ከሄዳችሁ ደግሞ የትሱጋሩ ምድር ባቡር ስቶቭ ባቡር አያምልጣችሁ። ከዲሴምበር እስከ ማርች፣ ከጎሾጋዋራ እስከ ትሱጋሩ ናካሳቶ፣ 20.7 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፣ ፉርጎው ውስጥ የድንጋይ ከሰል ምድጃ ይነዳል። አስተናጋጇ የደረቀ ስኩዊድ ምድጃው ላይ ጠብሳ በጓንት እየቀደደች ታድላለች፣ ውጪው በረዶ፣ ውስጡ ጭስና ሳቅ፣ ሰው ሳይተዋወቅ ይቀባበላል። የጄአር ሳይሆን የሌላ ኩባንያ ስለሆነ ጄአር ፓስም ሴይሹን 18ም አይሰራም፣ ለስቶቩም ለብቻው ይከፈላል። በኢዋቴ ባሕር ዳር የሚሄደው ሳንሪኩ ምድር ባቡርም እንደዛው ለብቻው ነው፣ በ2011 ሱናሚ ተመትቶ የተነሳ መስመር ነው፣ እዛ ሰው ስለዛ ቀን ራሱ ካነሳላችሁ አዳምጡ፣ እናንተ ግን አትጠይቁ።

7. ወሬ አጀማመር

የኛ ሰው አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፣ ብዙው አያውቀውም፦ የጃፓንኛ አረፍተ ነገር እንደ አማርኛ ግሱ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ኪዮቶ ኤ ኢኪማስ፣ ወደ ኪዮቶ እሄዳለሁ፣ ግሱ ያው መጨረሻ ላይ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪው የሚገለብጠውን እናንተ አትገለብጡም። አክብሮቱም አዲስ አይሆንባችሁም፣ አንተና እርስዎ ብሎ ላደገ ሰው ከስም በኋላ ሳን እያሉ መጥራት ቀላል ነው። ብቻ አንታ የሚል ቃል ስትሰሙ አንተ መሰለኝ ብላችሁ እንዳትጠቀሙበት፣ ትርጉሙ እውነትም አንተ ነው፣ ግን ለማያውቁት ሰው ሲሉት ንቀት ይሆናል።

ስትጀምሩ በጥያቄ ጀምሩ፣ መልሱን ብታውቁትም። ሱሚማሴን፣ ኮኖ ዴንሻ ዋ ሂሮሳኪ ኒ ኢኪማስ ካ? ይቅርታ፣ ይሄ ባቡር ሂሮሳኪ ይሄዳል? ትንሽ ጎንበስ በሉ። ከመለሱላችሁ አሪጋቶ ጎዛይማስ ብላችሁ ተዉት፣ አትከታተሉ። ሰውየው መጫወት ከፈለገ ራሱ ዶኮ ካራ ይላችኋል፣ ከየት ነህ? ያኔ ኤቺዮፒያ ካራ ኪማሽታ ትላላችሁ። ካልጠየቀ ጨርሷል፣ መስኮቱን እዩ። ሰው ሲያወራችሁ ደግሞ ዝም ብላችሁ አትስሙ፣ እኛ ትንፋሽ ሳብ አድርገን እህ እንደምንለው እነሱም ሶ ሶ፣ ኤ እያሉ ነው የሚያዳምጡት፣ ዝም ካላችሁ አልገባውም ወይ አልወደደውም ይላሉ።

ኢትዮጵያ ስትሉ እድሜው ከገፋ ሰው አፍ የሚወጣው አበበ ነው። ሺንካንሰን የተከፈተው ኦክቶበር 1 ቀን 1964 ነው፣ አበበ ቢቂላ ቶኪዮ ላይ ማራቶኑን በ2 ሰአት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ያሸነፈው ደግሞ በ20 ቀኑ ኦክቶበር 21፣ ለነሱ ሁለቱም ከጦርነት በኋላ የቆሙበት የአንድ ወር ትዝታ ነው። በሳን-ኢን መስመር ላይ አንድ ሽማግሌ ሀገሬን ስነግራቸው አበበ ብለው ተነሱ፣ ትምህርት ቤት ሆነው በቴሌቪዥን አይተውታል፣ እና ሩጫውን አልነበረም ያሳዩኝ፣ ከጨረሰ በኋላ ሳሩ ላይ ሆኖ የሰራውን ጅምናስቲክ ነው፣ ባቡሩ ውስጥ ቆመው እጃቸውን እያነሱ። እኔ ያን ታሪክ ከአባቴ ነው የሰማሁት፣ እሳቸው በአይናቸው አይተውታል፣ እንባዬ መጣ። ቶኪዮ ከሆናችሁ በኬዮ መስመር ቶቢታክዩ ጣቢያ ውረዱ፣ የዛ ማራቶን መዞሪያ የነበረው ቦታ ላይ ምልክት ቆሟል፣ ሄዳችሁ እዩት።

ከባዱንም ልንገራችሁ። አንዳንዴ ባቡሩ ሞልቶ ከጎናችሁ ያለው ወንበር ባዶ ይቀራል፣ ሰው ቆሞ ይሄዳል እንጂ አይቀመጥም። ያማል፣ መጀመሪያ ጊዜ በጣም አሞኛል። ብዙው ሰው በእንግሊዝኛ ያናግረኛል ብሎ ስለሚፈራ ነው ብለው ጃፓናዊ ጓደኞቼ ነግረውኛል፣ ሁሉም በዛ ነው ብዬ ግን አልምልላችሁም። የረዳኝ ነገር ቦርሳዬን ከወንበሩ አንስቼ ጭኔ ላይ ማድረግና የቆመውን ሰው አይቼ ጎንበስ ብዬ ዶዞ ማለት ነው፣ እንኩ ይቀመጡ። ከአስር ሰባቱ ይቀመጣሉ፣ ከተቀመጡት ደግሞ አንዱ ያወራል።

አንድ ትንሽ ደብተርም ያዙ። በብዙ ጣቢያ የጣቢያው የራሱ ማህተም አለ፣ ልምዱ ከ1931 ጀምሮ ያለ ነው፣ በነጻ ትመታላችሁ። ገጠር ጣቢያ ላይ ማህተሙ ካልታየ ሱታንፑ ዋ ብላችሁ ጠይቁ፣ ሰራተኛው ከመሳቢያ ያወጣላችኋል፣ ቀለሙን ራሱ ያስተካክልላችኋል። ደብተሩን ባቡር ውስጥ ስታገላብጡ ሰው አንገቱን ያሰግጋል፣ የመንደሩን ማህተም ሲያገኝ ደስ ይለዋል።

8. ምግብ

ኤኪቤን የሚባለውን የጣቢያ ምሳ እቃ በየክልሉ ቅመሱ፣ ብዙ ጣቢያ የራሱ አለው፣ በዮኮካዋ የሚሸጠው በሸክላ እቃ የሚቀርብ ሩዝ ከ1958 ጀምሮ ያለ ነው፣ እቃውን ቤት ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። አሳማ የማትበሉ ቡታ የሚለውን ቃል ያዙ፣ ቡታ ዋ ታቤማሴን፣ አሳማ አልበላም። ጾም ላይ ያላችሁ ግን ጠንቀቅ በሉ፣ አትክልት የሚመስለው ነገር ሁሉ ማለት ይቻላል ዳሺ የሚባል የአሳ መረቅ አለበት። እኔ ረቡዕና አርብ የምይዘው ኦኒጊሪ የሚሉትን የሩዝ ድብልብል ነበር፣ ኡሜ የሚባል ኮምጣጣ ፍሬ ያለበትን ወይም ኮንቡ ያለበትን የባሕር ቅጠሉን፣ በየሱቁ አለ።

ሲጋብዟችሁ መጀመሪያ ኢታዳኪማስ፣ ስትጨርሱ ጎቺሶሳማ በሉ። እና እባካችሁ ጉርሻ ለመስጠት በቾፕስቲክ ይዛችሁ ወደ ሌላው ሰው ቾፕስቲክ አታቀብሉ። እዛ ሀገር አስከሬን ከተቃጠለ በኋላ ቤተሰብ አጥንቱን በቾፕስቲክ እየተቀባበለ ነው የሚያነሳው፣ ለናንተ ፍቅር የሆነው ለነሱ ቀብር ነው። ሳህን ላይ አስቀምጡለት፣ እሱ ያነሳል።

9. ማደሪያ

መንደር ስታድሩ ሆቴል ሳይሆን ሚንሹኩ ፈልጉ፣ ቤተሰብ በቤቱ የሚያሳድርበት ነው፣ እራትና ቁርስ ጨምሮ ከ7,000 እስከ 10,000 የን አካባቢ ታገኛላችሁ። ስትይዙ የምትደርሱበትን ባቡር ሰአት ንገሯቸው፣ ብዙዎቹ ጣቢያ ድረስ መጥተው በመኪና ይወስዷችኋል። የምትቀሩ ከሆነ ደውሉ፣ እራቱ ለናንተ ብሎ ተሰርቷል። ጫማ በር ላይ ይወልቃል፣ ሽንት ቤት የራሱ ስሊፐር አለው፣ እሱን አድርጋችሁ ሳሎን እንዳትገቡ። የጋራ መታጠቢያ ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት ውጪ ተቀምጣችሁ በደንብ ታጠቡ፣ ገንዳው ለመሞቅ ነው እንጂ ለመታጠብ አይደለም። ብዙ ፍልውሃ ቤት ንቅሳት ያለበትን አያስገባም፣ አንገቷ ላይ የመስቀል ንቅሳት ያላት እናታችሁን ይዛችሁ ከሄዳችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ ትንሽ ከሆነ በስቲከር ሸፍነው የሚያስገቡ አሉ።

10. ስትለያዩ

አብሯችሁ ፎቶ ለመነሳት ሻሺን ኢ ደስ ካ ብላችሁ አስፈቅዱ፣ የልጅ ከሆነ ወላጁን። እዛ ሰው የሚጻጻፈው ላይን በሚባለው አፕ ስለሆነ ከመሄዳችሁ በፊት ጫኑት፣ እድሜው የገፋ ሰው ግን አድራሻውን በወረቀት ነው የሚሰጣችሁ፣ ራሱ በእጁ ይጻፍላችሁ፣ ስትጽፉላቸው ያንኑ ወረቀት ኮፒ አድርጋችሁ ፖስታው ላይ ትለጥፉታላችሁ። ቤት ስትገቡ ፖስት ካርድ ላኩ፣ አንድ መስመር ይበቃል።

ከባቡር የሚወርዱት እነሱ ከሆኑ ደግሞ ወዲያው ስልካችሁ ውስጥ አትግቡ። እዛ ሀገር ሸኚ ሰው ከአይን እስኪሰወር ነው የሚቆመው፣ ዞር ብላችሁ ካላያችሁ ይከፋዋል። የታዳሚ መስመሯ ኦባአሳን ስትወርድ በሩን ራሴ ተጭኜ ከፈትኩላት፣ ባቡሩ ሲነሳ በዛች ጠባብ ፕላትፎርም ላይ ቋጠሮዋን በአንድ እጇ፣ ቡናውን በአንድ እጇ ይዛ ቆማ ነበር፣ እጇ ስለሞላ ማውለብለብ አልቻለችም፣ ጎንበስ አለች፣ ቀና አለች፣ ደግማ ጎንበስ አለች፣ እኔም መስታወቱ ጋ ሆኜ እንደዛው፣ ዋሻው ውስጥ እስክንገባ ድረስ።